እሳት የሰበቅሁበት የአገው ምድር ጉዞ

ከአገው ምድር ከተመለስሁ ወዲህ የሠፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እውነት እንደሚሉት ይበርዳል?» ይበርዳል። ነገሩ ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላበላሸሁ ነበር። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ድሬዳዋ ያደግሁ፣ በአንድ የዕቃ መጋዘን በጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። ፈሪ ነኝ። ውሻ ሲጮህ መንገድ እቀይራለሁ፤ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም በር እዘጋለሁ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ እስካሁን ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አንባቢዬ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅልኝ ይሻላል።

የተነሣሁት በግንቦት መጨረሻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግርማ መምህር ሆኖ፣ ከእንጅባራ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቅ የገጠር መንደር ከተመደበ ሁለት ዓመቱ ነበር። በየወሩ ይጽፍልኛል። በዚያ ወር የመጣው ደብዳቤ ግን በማላውቀው እጅ የተጻፈ ነው። «መምህሩ ወደ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ከተኛ ሰንብቷል። ዘመዱ እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ነግሮናል። ሳይመሽ ይድረሱ» ይላል። «ሳይመሽ» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ከቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነን። እናታችን ስትሞት ግርማ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግሁትም ያስተማርሁትም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ባቡሩ ላይ እስከ አዋሽ ድረስ አገሩ የእኛው ነው፤ አሸዋ፣ ግራር፣ ግመል፣ በየጣቢያው ሳምቡሳና ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በላብ ስዘፈቅ ዋልሁ። ያን ላብ ሳምንት ሳይሞላ እንደምናፍቀው ማን ነገረኝ! ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘና ሰው ሁሉ ጋቢውን ማውጣት ያዘ። እኔ ጋቢ አልያዝሁም። ለድሬዳዋ ሰው ጋቢ ማለት ለቅሶ ቤት የሚለበስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቀን

አዲስ አበባ ላይ በማለዳ የጎጃሙን አውቶቡስ ያዝሁ። ደጀን ሳይደረስ ያለውን የዓባይ ሸለቆ ማንም ሰው አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ቢነግረኝ ኖሮ መሄዴን እንጃ። መንገዱ ገደሉ ላይ ተጠምጥሟል፤ ረዳቱ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ድንጋይ ይዞ ይወርድና ከጎማው ሥር ይደግፋል። ያቺን ድንጋይ ሳይ መኪናው ያለ እሷ እንደማይቆም ገባኝና ዓይኔን ጨፈንሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የደብረ ማርቆስ ወይዘሮ ክንዴን ነካ አድርገው «ከጨፈንህማ ይብስብሃል። ይልቅ ይህን ቆርጥም» ብለው እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አስጨበጡኝ። ድልድዩን እስክንሻገር እየቆረጠምሁ እሳቸውን ብቻ አየሁ። ስለ ዓባይ ውበት የሚጠይቀኝ ሰው ይቅር ይበለኝ፤ ያየሁት የእሳቸውን የጆሮ ጉትቻ ነው።

ማታ ደብረ ማርቆስ አንድ አልቤርጎ አደርን። ብርዱ ከወለሉ ሳይቀር ይወጣል። ባለቤቲቱ መብራት ልትወስድ ስትገባ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተኝቼ አገኘችኝና ሳቋ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ሄዳ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልኝ፤ ሒሳቡ ላይም አልጨመረችው።

ሦስተኛው ቀን

ከቡሬ ወዲያ አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ጠፋ። ጥሊሊ ላይ ገበያ ስለነበር አውቶቡሱ ብዙ ቆመ። ሰው ድንች በፈረስ ጭኖ ይመጣል፤ ሰዉ የሚነጋገረው ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገውኛ ነው። እኛ አገር ሰው በአራትና በአምስት ቋንቋ ሲንጫጫ ለምጃለሁና ይህ አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ ሰማዩ ነው። ገና በስድስት ሰዓት ጠቁሯል።

እንጅባራ ስንደርስ ይዘንባል። ከአውቶቡሱ ወርጄ የቀርቀሃ አጥር ተደግፌ ወዴት እንደምሄድ ግራ ገብቶኝ ስቆም፣ አንድ ሽማግሌ በቅሎ እየሳቡ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«የመምህሩ ወንድም አንተ ነህ» አሉኝ። አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሌላ ማን በዚህ ዝናብ ጋቢ ሳይዝ ይመጣል?»

እኒህ አቶ አየነው ናቸው። ግርማ የተከራየው እሳቸው ግቢ ነው፤ ደብዳቤውንም በድቁና ተማሪ ያስጻፉት እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ በሚመጣበት ቀን ሁሉ እየወረዱ ሲጠብቁኝ ይህ ሦስተኛቸው ነበር። ንብ አርቢ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል፤ መዳፋቸው እስካሁን አይዘረጋም። የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው በቅሎዋ ላይ አወጡኝ። በቅሎ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ መንደሯ ድረስ ሁለት እጄን ኮርቻው ላይ አጣብቄ «ስለ ወንድሜ ይንገሩኝ» እላለሁ፤ እሳቸው ስለ መንገዱ ብቻ ይነግሩኛል።

ግርማን ያገኘሁት እንደ ቅጠል ሲንቀጠቀጥ ነው። ጉንጩ ገብቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። «ጋሼ መጣህ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር። እኔም ዞር ብዬ አለቀስሁ። እትዬ ጥሩነሽ፣ የአቶ አየነው ባለቤት፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝና ግርማን እያዩ ለባላቸው ዝግ ባለ ድምፅ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ? አይተርፍም አሉ?» አልሁ።

አቶ አየነው ድንቹን እየላጡ «እንግዳው እርጥብ ካልሲውን ያውልቅ ነው የምትል» አሉኝ።

አራተኛው ቀን

ወባዋ አንድ ቀን ትይዘዋለች፤ አንድ ቀን ትለቀዋለች። ዛሬ ለቅቃዋለች። ኪኒኑ ካለቀ ሰንብቷል፤ ሐኪም ያለው ዳንግላ ነው። እንሂድ ብዬ ተነሣሁ።

አቶ አየነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቅሎዋ ትናንት መንገድ ላይ ውላለች። እሱም ገና ራሱን አይችልም። ነገ ትይዘዋለች፤ ከነገ ወዲያ ትለቀዋለች። ያን ለት በማለዳ ወጥተን እንጅባራ እናድራለን፤ በማግሥቱ ሳትመለስበት ዳንግላ ሐኪም ፊት ነው። በመሀል ብርድ ካገኘው ግን ቀኗን አትጠብቅም።»

«በመሀል ምን ሊያገኘን ይችላል?»

«ሰማይ ነዋ» አሉ፤ ወደ ላይ አልተመለከቱም።

ቀኑን ሙሉ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ስመላለስ አዩኝ። በመጨረሻ «ና ወዲህ። ያንተ እጅ ሥራ ይፈልጋል» ብለው ከቤቱ ጥግ አንድ የቀርቀሃ አንጓ አወጡ። አፉ በእንጨት ተወትፎ በሰም ታሽጓል። ከውስጡ አንዲት ጠባብ የብሳና ጣውላ፣ ስንዝር ተኩል የምትሆን የግራዋ ዘንግ፣ የበሬ ቀንድ ቁራጭና እንደ ጥጥ የተፈለቀቀ የጥድ ልጥ ወጣ። ከምሰሶው ላይ ደግሞ ጠፍር የተወጠረበት ትንሽ የቀርቀሃ ደጋን አወረዱ።

ንብ አርቢዎች ጫካ ገብተው ብዙ ቀን ይከርማሉ፤ ቀፎ ለማጠን እሳት ያስፈልጋቸዋል፤ ክብሪት ደግሞ በዚያ ዝናብ አይታመንም። ስለዚህ እሳት ይሰብቃሉ፤ እንጨት በእንጨት ላይ እያሽከረከሩ ያወጡታል። ሌላው ሰው ዘንጉን በሁለት መዳፉ መሀል እያሸ ነው የሚያሽከረክረው። የአቶ አየነው መዳፍ ግን ከተሰበረ ወዲህ ይህን አይችልም። ምን ያድርጉ? የሚስታቸውን የጥጥ መንደፊያ ደጋን አይተው፣ ጅማቱን ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ጠመጠሙና ወደፊት ወደኋላ ሳቡት።

ባላቸው ይህን ሲተርኩ እትዬ ጥሩነሽ ሰምተው ከጓዳ «ሁለት ደጋን ሰብሮብኛል! ጥጤን በምን እንደምነድፍ ጠይቀው እስቲ!» አሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጣውላዋን በግራ እግር ትረግጣለህ። ዳር ዳሯ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ወደ ጠርዙ የወጣ ስንጥቅ አለ። ዘንጉን ደጋኑ ጠፍር ላይ ጠምጥመህ አንዱን ጫፍ ጉድጓዱ ላይ ታቆማለህ፤ በላይኛው ጫፍ ላይ የቀንዱን ቁራጭ ደፍተህ በግራ እጅህ ትጫናለህ፤ በቀኝህ ደጋኑን ትስባለህ።

«የላይኛውን ጫፍ ቅቤ ታስነካዋለህ፤ ቀንዱ ውስጥ እንዲንሸራተት» አሉኝ። «የታችኛውን ግን ቅቤ እንዳይነካው። እሱ መንከስ አለበት።»

ሳብሁ። ዘንጉ ተፈናጥሮ ምድጃ ውስጥ ገባ። ሳብሁ፤ ጉልበቴን መታኝ። ግርማ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ከሳምንታት በኋላ ሲስቅ የመጀመሪያው እንደሆነ እትዬ ጥሩነሽ ነገሩኝና ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አስፈናጠርሁት። በእኛ አገር እሳት ጠላት ነው፤ ምግብ እንኳ ጓሮ አውጥተን ነው የምናበስለው፤ በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን አውጥቶ ሜዳ ላይ ይተኛል። እኔ ግን እዚህ እሳት ለመለመን ተንበርክኬ አመሸሁ። መዳፌ ተላጠ፤ ጭስ እንኳ አላየሁም።

አምስተኛው ቀን

እንደተባለው ወባዋ በቀኗ መጣች። ግርማ ጥርሱ እየተጋጨ ሦስት ጋቢ ሥር ሲንዘፈዘፍ እኔ ማየት አቅቶኝ ደጋኔን ይዤ ምድጃው ዳር ቁጭ አልሁ። አቶ አየነው አጠገቤ ተቀመጡ። ክንዴን ጉልበቴ ላይ አስደግፈው አስተካከሉኝ። «በጉልበት አይደለም። ረዥም ረዥም አድርገህ ሳብ። እያየኸው ጥቁር ዱቄት ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። የምትፈጥነው ያን ጊዜ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጭስ መጣ። ደስ ብሎኝ ደጋኑን ጥዬ እፍ አልሁበት፤ ዱቄቱ ፊቴ ላይ ተበተነ።

«ጭሱን አትመን» አሉኝ አቶ አየነው። «ደጋኑ ሲቆም ጭሱም አብሮ ከቆመ፣ ገና ነው። ደጋኑ ቆሞ ጭሱ ብቻውን ከሄደ ግን ተወልዷል። ያን ጊዜም አትንፋበት። እስከ አሥር ቁጠር። እፍ የሚባለው ልጡ ውስጥ ካስተኛኸው በኋላ ነው፤ እሱንም ቀስ ብለህ።»

ሲመሻሽ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ፍም አወጣሁ። አቶ አየነው እጄን እየመሩ ልጡ ውስጥ አስተኛኋት፤ እፍ አልሁ፤ ነበልባል ሆነች። እትዬ ጥሩነሽ እልል አሉ። እኔ ግን ደስታዬ ሳያልቅ ግርማን አየሁት፤ እያቃዠው እናታችንን ይጠራል። ነገን ፈራሁት።

ስድስተኛው ቀን

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ግርማ ወባዋ ለቅቃው በቅሎዋ ላይ፣ አቶ አየነው ከኋላዬ፣ እኔ በቅሎዋን እየሳብሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የገብስ ዳቦ በማር ቋጥረውልኝ ጭንቅላቴ ላይ ደግሞ ቅቤ ለድፈውብኛል፤ «ራስ ምታት አይዝህም» ብለው። እኛ አገር እንዲህ ሆኜ ብታይ ኖሮ ዝንብ ተሸክሞኝ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን እንደ ቆብ ደርቆ ተቀመጠ።

ከአምስት ሰዓት በኋላ ደመናው ከየት እንደመጣ ሳላይ መጣብን። መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ። በረዶ ከሰማይ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ባቄላ የሚያህል ነጭ ድንጋይ ጀርባህን ይደበድብሃል። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ጅረት አልነበረም፤ ጭቃማ ወንዝ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። በቅሎዋ እግሯን አንሥታ መለሰች። በዚህ መሀል ግርማ ኮርቻው ላይ ዘመም ሲል ያዝሁት፤ ልብሱ እስከ ሥጋው ርሷል።

ከጅረቱ ከፍ ብሎ አቶ አየነው ቀፎ የሚያስቀምጡባት ጎጆ ነበረች። ግርማን ተሸክመን አስገባነው። የክብሪት ሳጥኔን ከኪሴ ሳወጣ በእጄ ላይ ፈረሰ።

አቶ አየነው ያን የታሸገ የቀርቀሃ አንጓና ደጋኑን አጠገቤ አስቀመጡ። «ላይኛው መንደር ሄጄ ሰውና ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ብቻችንን አናሻግረውም። አንተ እሳት ስበቅ። አሮጌ ቀፎ እንደ ልብ አለ፤ አንድደው። ልብሱን አውልቀህ አድርቅለት።»

«እኔ? ብቻዬን?» አልኋቸው።

«እኔ ሰብቄ እስካነድ መሽቶ ወንዙ ይሞላል። እዚህ ካደረ አይሆንም፤ ገባህ?» አሉና በበረዶው ውስጥ ሄዱ።

የግርማን ልብስ አውልቄ በደረቅ ጆንያ ጠቀለልሁት። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሰሙን ፈቅፍቄ አንጓውን ከፈትሁ፤ ውስጡ ደረቅ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ደጋኑ ግን በኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ ስለመጣ ጠፍሩ ረጥቦ ረግቧል። ዘንጉን ጠምጥሜ ስስብ ጠፍሩ ይንሸራተታል እንጂ ዘንጉ አይዞርም። ሦስት ጊዜ አጠበቅሁት፤ ሦስት ጊዜ ረገበ። ምን ባስር ይሻላል? መቀነት የለኝ። ወደ እግሬ ሳይ የከተማ ጫማዬን ክር አየሁ። የሁለቱንም አውጥቼ፣ ጨምቄ፣ ገመድኋቸውና ደጋኑ ላይ ወጠርኋቸው። ያዘ።

ከጭንቅላቴ ቅቤ ቆንጥሬ ዘንጉን ቀባሁና መሳብ ጀመርሁ። ዘንጉ ያለ ምንም ድካም ይሽከረከራል። ክንዴ እስኪዝል ሳብሁ። ጭስ የለም፤ የሚሰማው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አንሥቼ ሳየው ጉድጓዱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስቸኩል ዘንጉን ገልብጬዋለሁ፤ ቅቤ የቀባሁት የሚነክሰውን ጫፍ ነው። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ቅቤ አናቱ ላይ ይዞ መጥቶ እሳት የሚያጠፋ እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ ራሴን ሰደብሁ። ጎጆዋ ውስጥ ባገኘሁት ቢላ ጫፉን ፍቄ፣ ሌላ ጉድጓድ መርጬ እንደገና ጀመርሁ።

ጭስ መጣ። ቀጠልሁ። ጥቁር ዱቄቱ ስንጥቁን ሞላው። ደጋኑን አቆምሁ፤ ጭሱ ብቻውን ሄደ። ተወልዷል! ያን ጊዜ የግርማን ፊት አየሁ። መንቀጥቀጡን አቁሟል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይኑ ግማሹ ተከፍቷል። ደነገጥሁና መቁጠሩን ረስቼ እፍ አልሁበት። በሙሉ እስትንፋሴ። ፍሟ ተበትና መሬቱ ላይ ጠፋች።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ተነሣሁ። በሩን ከፈትሁ። ወጣሁ። አቶ አየነውን ልጥራ፣ ሰው ልፈልግ ብዬ ነው ለራሴ የነገርሁት፤ ውሸት ነው። የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። የወጣሁት ወንድሜ ሲሞት ዓይኔ እንዳያይ ነው። በረዶው ፊቴን እየመታኝ፣ መንገዱን ይዤ፣ ከጎጆዋ እየራቅሁ ሄድሁ። ወደኋላዬ አላየሁም። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ስሄድ ቀኝ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ክር የለውማ። በአንድ እግሬ ቆሜ ልጎትተው ብል እምቢ አለ። የጫማዬ ክር ደጋኑ ላይ ነው፤ ደጋኑ ግርማ አጠገብ ነው። በአንድ ጫማ በበረዶ ውስጥ የትም እንደማልደርስ ገባኝና ተመለስሁ። ጫማዬ ባይያዝ ኖሮ እመለስ ነበር ወይ? ይህን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ግርማ እንደተኛ ነበር። አፍንጫው ሥር ጣቴን አደረግሁ፤ ይተነፍሳል፤ በጣም ትንሽ። ተንበረከክሁ። ረዥም ረዥም እያደረግሁ ሳብሁ። አልቸኮልሁም፤ ከጥበብ ሳይሆን አቅሜ ስላለቀ ነው። ጭስ። ዱቄት። ደጋኑን አቆምሁ። ጭሱ ብቻውን ሄደ። አንድ፣ ሁለት እያልሁ እስከ አሥር ቆጠርሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ቁጥር አልቆጠርሁም። በጣውላዋ ጫፍ ልጡ ውስጥ አስተኛኋት። ከከንፈሬ ብቻ እፍ አልሁ። ልጡ ቀላ፤ ጨሰ፤ ነደደ።

አሮጌ ቀፎ በቀርቀሃ ተሠርቶ በእበት የተለሰነ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ችቦ ይነዳል። ሦስቱን አነደድሁ። ግርማን አቅፌ እሳቱ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ እግሩን በእጄ አሸሁ። ብዙ ቆይቶ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ አየነው አራት ጎረምሶች ይዘው ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። በረዶው ቆሟል። እሳቱን አዩ፤ ግርማን በእጃቸው ጀርባ ግንባሩን ነኩት፤ ቀጥሎ እግሬን አዩ።

«አንዱ ጫማህ የት ሄደ?»

«እንጨት ልፈልግ ወጥቼ ጭቃ ያዘብኝ» አልሁ።

እስከ ጣሪያው የተከመረውን ደረቅ ቀፎ ቀና ብለው አዩና ግርማን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ወደ መሻገሪያው ስንወርድ ጫማዬን ከጭቃው ነቅለው በሣር ጠርገው ሰጡኝ። ከጎጆዋ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወዴት አቅጣጫ እንደሆነ እሳቸውም አይተዋል። ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም።

ሰባተኛው ቀንና ከዚያ በኋላ

እንጅባራ አድረን በማለዳ በጭነት መኪና ዳንግላ ገባን። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር መርፌ ወጋው፤ ኪኒን ሰጠው፤ «አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ…» ብሎ ንግግሩን አልጨረሰም። ዳንግላ ላይ ስድስት ቀን ተቀመጥን። ያከራየችን ሴትዮ በየቀኑ የአጃ ሾርባ ታመጣለት ነበር፤ እኔን ደግሞ «አንተም ታማሚ ትመስላለህ» ብላ ታስጠጣኛለች። ወባዋ በቀኗ አልመጣችም። በሁለተኛውም ቀኗ አልመጣችም። አቶ አየነው በገበያ ቀን በእግራቸው መጥተው ጠየቁን፤ አንድ ቅል ማር አምጥተው፣ ስለ ጫማው አንድ ቃል ሳያነሡ ተመለሱ። ስንለያይ ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሡኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግርማ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጥሊሊን እንዳለፍን ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ያን ለት ጎጆዋ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። በሩ ተከፈተ፤ በረዶው ገባ። ጠራሁህ። አልመለስህልኝም። ህልም ነው፣ አይደል?»

«ህልም ነው» አልሁት። «ወባ ያቃዣል።»

ራሱን ነቀነቀና ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ተኛ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ትከሻዬ ቢደነዝዝም አልተንቀሳቀስሁም።

አሁን ድሬዳዋ ነን። ግርማ ሥጋ ለብሷል፤ ሙቀቱን ያማርራል፤ ለመስከረም ወደ ተማሪዎቹ እመለሳለሁ ይላል። ይህን ስጽፍ ባየኝ ቁጥር «ሲያልቅ መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነበው፤ ፊደልህን የሚያርምልህ ማን ነው?» ይለኛል። እሺ ብያለሁ።

ህልም አልነበረም፣ ግርማ። ስትጠራኝ ሰምቼህ ነበር።